ቀለበቱ የተዛነፈ ሰዓት እንዴት ይቃናል?

ሰዓት ለማወቅ ብቻ ከሆነ ዛሬ ማንም ተማሪ የእጅ ሰዓት ማሰር አያስፈልገውም፤ በኪሱ የያዘው ስልክ ከማናቸውም የእጅ ሰዓት ይልቅ በትክክል ይቆጥርለታል። ይሁን እንጂ የእጅ ሰዓት የሚወድ ተማሪ አልጠፋም። ከእነዚህም መካከል የብዙዎቹ ዓይን የሚያርፈው ዙሪያው በሚሽከረከረው በጠላቂ ሰዓት ላይ ነው። አዲሱን ለመግዛት የተማሪ ኪስ ስለማይፈቅድ ያገለገለ ይገዛሉ። ሰዓቱ እጅ ላይ ከታሰረ ከሁለትና ከሦስት ቀን በኋላ ግን አንድ ቅሬታ ይነሣል፤ ይኸውም በዙሪያው ላይ ያለው ሦስት ማዕዘን ከሰዓቱ ፊት 12 ጋር አይገጥምም፤ በጥቂቱ ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ ያዘነበለ ነው። አንድ ጊዜ ከታየ ደግሞ ዓይን ሌላውን ማየት ይተዋል።

በዚህ ጊዜ የሚሰጠው ምክር ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው «ተወው፤ ሲሠራም እንዲሁ ነው» የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው ቢላዋ አንሥቶ መፈልቀቅ ነው። ሁለቱም የሚሰጡት ነገሩ ሳይመረመር ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የተዛነፈው የትኛው ክፍል እንደ ሆነ ለይቶ ማወቅ የሚቻልበትን መንገድ፣ ማቃናቱም የሚገባ ሆኖ ሲገኝ ሥራው እንዴት እንደሚፈጸም ማስረዳት ነው። ከሁለቱ የሚበልጠው ፊተኛው ነው። ያልተዛነፈውን ክፍል አንቀሳቅሶ የተዛነፈውን እንዳለ መተው አንዱን ጉድለት ሁለት ማድረግ ነውና።

ስለ ስሞቹ አስቀድመን እንስማማ። በመስተዋቱ ዙሪያ ያለውንና በጣት የሚዞረውን የብረት ክብ ሰዓት ሠሪዎች ቤዝል ይሉታል፤ እኛ እዚህ ዞሪ ቀለበት እንለዋለን። በዚህ ቀለበት ላይ፣ ቁጥሮቹና ሦስት ማዕዘኑ የተጻፉበት፣ እንደ ቆርቆሮ የሳሳ ክብ ተቀምጧል። የዚህ ስሙ ኢንሰርት ነው፤ ለእርሱ በተቦረቦረለት ቦይ ውስጥ የተነጠፈ ስለ ሆነ እኛ ንጣፍ እንለዋለን። ቀለበቱና ንጣፉ አንድ አካል አይደሉም። ነገሩ ሁሉ የሚያያዘው በዚህ ነው፤ ቀለበቱ በጥርስ ላይ ይሄዳል፣ ንጣፉ ግን በማጣበቂያ ወይም በመጥበቅ ብቻ ነው የሚይዘው። ደግሞም 12 ስል በሰዓቱ ፊት ላይ ከሁሉ በላይ ያለውን ምልክት ማለቴ ነው። በእኛ አቆጣጠር ቆጣሪዎቹ ሁለቱም እዚያ ሲደርሱ ስድስት ሰዓት ነው የምንለው፤ ሰዓቱን በአገር አቆጣጠር ሞልቶ የሚያስርም ሰው አለ፤ ለዚህ ሥራ ግን ልዩነት አያመጣም።

ዞሪ ቀለበት በሰዓት ላይ የመጣው ለጌጥ አይደለም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አየር በጀርባቸው ተሸክመው የሚጠልቁ ሰዎች እየበዙ ሲሄዱ፣ የተሸከሙት አየር ልክ ያለው በመሆኑ፣ በውሃ ውስጥ የቆዩበትን ደቂቃ የሚያሳይ መሣሪያ አስፈለጋቸው። በ1953 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የስዊዙ ብላንፓን ፊፍቲ ፋዘምስ የተባለውን ሰዓት አወጣ። ስሙ ሃምሳ ፋዘም ማለት ነው፤ ፋዘም የመርከበኞች የጥልቀት መለኪያ ሲሆን፣ ሃምሳው በሜትር ሲመነዘር 91 ያህል ይሆናል። የሮሌክስ ሰብማሪነርም የዚያው ዓመት ልጅ ነው። የጃፓኑ ሴይኮ የመጀመሪያውን የጠላቂ ሰዓት ያወጣው በ1965 ነው። የአጠቃቀሙ ዘዴ በሁሉም ዘንድ አንድ ነው። ጠላቂው ከመውረዱ በፊት ሦስት ማዕዘኑን ከደቂቃው ቆጣሪ ጫፍ ጋር ትይዩ ያደርገዋል፤ ከዚያ በኋላ ቆጣሪው በንጣፉ ላይ የሚያመለክተው ቁጥር ያለፈው ደቂቃ ነው።

በዛሬዎቹ የጠላቂ ሰዓቶች ቀለበቱ ወደ አንድ ወገን ብቻ፣ ይኸውም ከቆጣሪዎቹ አካሄድ በተቃራኒ ብቻ ይዞራል። ምክንያቱ ቀላል ቢሆንም ብልኅነት አለበት። ቀለበቱ በድንጋይ ወይም በገመድ ተነክቶ ቢዞር ሦስት ማዕዘኑ ከቆጣሪው ወደ ኋላ ይርቃል፤ ስለዚህ ያለፈው ጊዜ ከእውነተኛው የበዛ መስሎ ይታያል፤ ጠላቂውም አየሩ ሳያልቅ ቀደም ብሎ ይወጣል። ስሕተት የማይቀር ከሆነ ስሕተቱ ወደ ደኅንነት ያዘነበለ እንዲሆን አድርገው ሠሩት ማለት ነው።

ለምሳሌ የምንወስደው የሴይኮ ኤስ ኬ ኤክስ 007 የተባለውን ነው። ከ1996 ጀምሮ ከሃያ ዓመት በላይ የተሠራ፣ በራሱ የሚሞላ፣ 200 ሜትር የተጻፈበት ሰዓት ነው። ፋብሪካው መሥራቱን ስላቆመ ዛሬ የሚገኘው በአብዛኛው ያገለገለው ነው። ቀለበቱ አንድ ዙር ሲዞር 120 ጊዜ ቀጭ ይላል። አንድ ዙር 360 ዲግሪ ስለ ሆነ አንዱ ቀጭታ 3 ዲግሪ፣ ማለት ግማሽ ደቂቃ ነው። የንጣፉ የውጭ ጠርዝ ከዳር እስከ ዳር 38 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ ይህን በ3.14 ብናበዛው ዙሪያው 119 ሚሊሜትር ይሆናል፤ ለ60 ደቂቃ ስናካፍለው ለአንድ ደቂቃ ሁለት ሚሊሜትር ያህል ይደርሳል። እንግዲህ አንዱ ቀጭታ በጠርዙ ላይ አንድ ሚሊሜትር ነው። ዓይን የሚያስቀይመው መዛነፍ ብዙ ጊዜ ከሚሊሜትር አንድ ሦስተኛ ገደማ ነው፤ ይህም በጊዜ ሲመነዘር ከዐሥር ሰከንድ አይበልጥም።

በዐሥር ሰከንድ ማንም አይሰጥምም። ታዲያ ለምን እንጨነቃለን? መልሱ በሁለት በኩል ነው። አንደኛው የዓይን ነገር ነው፤ ወር ሙሉ የቆጠበበትን ገንዘብ ለሰጠ ሰው ይህ ንቀት የሚገባው ነገር አይደለም። ሁለተኛውና ዋናው ግን መዛነፉ የሰዓቱን ያለፈ ታሪክ ሊናገር የሚችል መሆኑ ነው። ይህ ዓይነት ሰዓት ገና ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ ተዛንፎ የሚገኝበት ጊዜ ስላለ፣ መዛነፉ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ከሌላ ምልክት ጋር ሲገኝ ግን ሊመረመር ይገባዋል። በንጣፉ ጠርዝ የማጣበቂያ ቅሪት አለን? በቀለበቱና በሰዓቱ ቤት መካከል ባለው ክፍተት የቢላዋ ጭረት ይታያልን? መብራት ሲጠፋ የሦስት ማዕዘኑ ነጥብ ብርሃን ከሰዓቱ ፊት ነጥቦች ብርሃን በቀለም ይለያልን? የጀርባው ክዳን መፍቻ የሚገባባቸው ጎድጓዶች ተፋፍቀዋልን? እነዚህ ከታዩ አንድ እጅ ሰዓቱን ከፍቶታል ማለት ነው። የተከፈተ ሰዓት ደግሞ ጎሚኒው በሚገባ ካልተመለሰና በግፊት መሣሪያ ካልተፈተነ፣ በፊቱ ላይ 200 ሜትር ተብሎ ቢጻፍበትም፣ የ200 ሜትር ሰዓት አይደለም። ለዕረፍት ላንጋኖ ወርዶ ከእነ ሰዓቱ ውሃ ውስጥ ለመግባት የሚያስብ ወንድማችን ከሦስት ማዕዘኑ ይልቅ ለዚህ ነገር ይጨነቅ።

አሁን ወደ ምርመራው እንግባ። በመጀመሪያ አመለካከትን ማረም ያስፈልጋል። ንጣፉ ያለው ከሰዓቱ ፊት ከፍ ብሎ ስለ ሆነ፣ ከጎን የሚያይ ዓይን ያልተዛነፈውን የተዛነፈ አድርጎ ያየዋል። ሰዓቱን ጠረጴዛ ላይ አስተኝቶ፣ አንዱን ዓይን ጨፍኖ፣ በመስተዋቱ ውስጥ የሚታየው የራስ ዓይን ብሌን በትክክል በቆጣሪዎቹ መካከለኛ ምሶሶ ላይ እስኪያርፍ ድረስ ራስን ማስተካከል ነው። ዓይን እዚያ ሲደርስ ከሰዓቱ ፊት ጋር ቀጥ ብሎ ተገናኝቷል ማለት ነው። በስልክ ፎቶግራፍ ማንሣት የሚፈልግም ስልኩን አርቆ ምስሉን ያቅርበው እንጂ ስልኩን አያስጠጋ፤ ሲያስጠጉት ጠርዙን ያጣምማል።

ሁለተኛው ነገር የጥርሱ መላላት ነው። ያገለገለ ቀለበት በሁለት ቀጭታ መካከል ጥቂት ይላወሳል። ስለዚህ ቀለበቱን ካዞሩ በኋላ ወደ ቀኝ፣ ማለት ወደማይዞርበት ወገን፣ በቀስታ ገፍቶ ማቆም ይገባል፤ እውነተኛው ማረፊያው ያ ነው። ስንት «የተዛነፈ» ሰዓት በዚህች አንዲት ግፊት ብቻ ተቃንቶ ሲገኝ አይቻለሁ!

ይህ ተደርጎ መዛነፉ ካልጠፋ ተጠርጣሪዎቹ ሦስት ናቸው። አንደኛው በመስተዋቱ ሥር፣ በሰዓቱ ፊት ዙሪያ ያለው የደቂቃ ምልክቶች የተጻፉበት የውስጥ ቀለበት ነው። ይህ የማይንቀሳቀስ ክፍል ነው፤ በዚህ ሰዓት ላይም ተዛንፎ በመገኘት የታወቀ ነው። እርሱን ለመመርመር ዞሪውን ቀለበት ፈጽሞ ረስቶ፣ የውስጡ ቀለበት ምልክቶች ከሰዓቱ ፊት ምልክቶች ጋር መግጠማቸውን ብቻ ማየት ነው። ካልገጠሙ ጥፋቱ ከውስጥ ነው፤ ለማቃናትም የጀርባውን ክዳን ከፍቶ ሞተሩን ማውጣት ግድ ይሆናል። ይህ የሰዓት ሠሪ ሥራ ነው፤ የዶርም ሥራ አይደለም። ንጣፉን በማዞር ይህን ጉድለት መሸፈን አይቻልም፤ ከአንዱ ጋር ሲገጥም ከሌላው ጋር ይጣላልና።

ሁለተኛውና ሦስተኛው ተጠርጣሪ ሁለቱም ንጣፉ ራሱ ነው፤ የአጠፋፋቸው ዓይነት ግን ይለያያል። ንጣፉ በቦዩ ውስጥ ዞሮ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ሳይዞር ከመካከል ወጥቶ ወደ አንድ ወገን ተገፍቶ ሊሆን ይችላል። እነዚህን ለመለየት 12 ላይ ብቻ ማየት አይበቃም፤ 6 ላይም ማየት ያስፈልጋል። ንጣፉ ዞሮ ከሆነ ምልክቶቹ ሁሉ በቆጣሪ አካሄድ፣ ወይም ሁሉም በተቃራኒው፣ እኩል ሄደዋል። ተገፍቶ ከሆነ ግን ላይኛውም ታችኛውም ምልክት ወደ አንድ ጎን፣ ለምሳሌ ሁለቱም ወደ ቀኝ፣ ይሄዳሉ። ወደ ቀኝ መሄድ 12 ላይ በቆጣሪ አካሄድ ሲሆን 6 ላይ ግን በተቃራኒው መሆኑን አስተውሉ።

ብዙ ጊዜ ሁለቱ ጥፋቶች ተደባልቀው ስለሚገኙ ትንሽ ሒሳብ ይረዳል። በቆጣሪ አካሄድ የሄደውን ሲደመር፣ በተቃራኒው የሄደውን ሲቀነስ እንበለው። ሦስት ማዕዘኑ ከ12 በ0.6 ሚሊሜትር፣ 30 ቁጥር ደግሞ ከ6 በ0.2 ሚሊሜትር፣ ሁለቱም በቆጣሪ አካሄድ አልፈው ተገኙ እንበል። ሁለቱን ደምሮ ለሁለት ማካፈል መዞሩን ይሰጣል፤ 0.4። ሁለተኛውን ከፊተኛው ቀንሶ ለሁለት ማካፈል መገፋቱን ይሰጣል፤ 0.2 ወደ ቀኝ። እንግዲህ ይህን ንጣፍ 0.6 ያዞረ ሰው ከላይ አቃንቶ ከታች ያበላሸዋል፤ ማድረግ የሚገባው 0.4 ማዞርና 0.2 ወደ ግራ መሳብ ነው። 3 እና 9ም በዚሁ መንገድ ወደ ላይና ወደ ታች መገፋቱን ይናገራሉ። የዚህ ሰዓት መሙያ ያለው በ4 ገደማ ስለ ሆነ በመሙያው መመራት አይቻልም።

ከዚህ ጋር አንድ የተለመደ የተሳሳተ ሐሳብ ማንሣት አለብኝ። «ቀለበቱን ፈልቅቆ አውጥቶ በሌላ ጥርስ ላይ መልሶ መጫን ይበቃል» የሚሉ አሉ። አይበቃም። ጥርሶቹ ሁሉ በእኩል ርቀት፣ በየ3 ዲግሪው የተቀረጹ ስለ ሆኑ፣ ቀለበቱ በየትኛውም ጥርስ ላይ ቢያርፍ ከአንድ ቀጭታ በታች የሆነው ትርፍ መዛነፍ እንዳለ ይከተለዋል። ሰዓትን በሰባት ቀን ብታስቀድሙት ቀኑ ይለወጣል እንጂ የሰኞ ስም እንደማይለወጥ ያለ ነው። ያንን ትርፍ ማጥፋት የሚቻለው ንጣፉን ከቀለበቱ አላቆ በማንቀሳቀስ ብቻ ነው።

መቼ ነው ታዲያ የማይነካው? ሰዓቱ ያረጀና ስም ያለው ከሆነ። የድሮ ሰብማሪነር የአሉሚንየም ንጣፍ ፀሐይ መትቶት ጥቁሩ ግራጫ ሲሆን ሰብሳቢዎች ስለ መደብዘዙ ጭምር ይከፍሉበታል፤ ሲያወጡት የታጠፈ እንደ ሆነ ያ ሁሉ ዋጋ ይጠፋል። ከአያት የተወረሰ ሰዓት ላይም ሌላ ጥንቃቄ አለ። እስከ 1960ዎቹ ድረስ በጨለማ እንዲያበራ የሚቀባው ቀለም በብዙ ሰዓቶች ራዲየም ነበረበት። የ1955ቱ የሮሌክስ ጂ ኤም ቲ ማስተር ንጣፍ እንኳ ከባክላይት የተሠራ ሆኖ ቁጥሮቹ ጨረር በሚሰጥ የሚያበራ ነገር የተሞሉ ነበሩ። ቀለሙ ዛሬ ማብራቱን ቢያቆምም ራዲየሙ አላለቀም፤ ግማሹ ለመጥፋት 1600 ዓመት ይፈልጋልና። እንዲህ ያለውን ነጥብ መፋቅና ትቢያውን መተንፈስ አይገባም። ንጣፉ ሴራሚክ ከሆነም አይነካ፤ ሴራሚክ አይታጠፍም፣ ይሰበራል።

እዚህ ላይ ከነገሩ ጥቂት ልውጣ። በአገራችን ብረት የሚቀጠቅጠው፣ ሸማ የሚሠራው፣ ሸክላ የምትሠራው ለረዥም ዘመን በንቀት ስም ሲጠሩ ኖረዋል። እኛ ዩኒቨርሲቲ የገባነውም ይህን ንቀት አልጣልነውም፤ ልብሱን ብቻ ለወጥንለት። ከላይ የተጻፈውን ሒሳብ በወረቀት ሠርቶ ሙሉ ነጥብ የሚያገኝ ተማሪ፣ ስቴኪኒ ይዞ ሙጫ ሲፍቅ ቢታይ ያፍራል። በመንገድ ዳር በትንሽ የመስተዋት ሣጥን ፊት ተቀምጦ ዓይኑ ላይ አጉሊ መነጽር የሰካው ሰው ግን ይህን ሒሳብ ሳይጽፈው በጣቱ ያውቀዋል። ሥራው ከአቅማችሁ በላይ መስሎ ከታያችሁ ወደ እርሱ ሂዱ፤ ስትሄዱም «ጋሼ፣ ንጣፉን ብቻ ያቃኑልኝ፤ ጀርባውን አይክፈቱት» ብላችሁ ጥያቄአችሁን ለይታችሁ ንገሩት። ምን እንደሚፈልግ የሚያውቅ ደንበኛ ይከበራል።

በራሱ እጅ ለመሥራት የወሰነ ሰው የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም፤ ጫፉ ያልሰላ ስስ ቢላዋ፣ የወረቀት ፕላስተር፣ ጥቂት ስቴኪኒ፣ አልኮል፣ ጥጥ፣ ክርና ማጣበቂያ። ጠረጴዛው ላይ ነጭ ፎጣ ይነጠፍ፤ የሚወድቅ ነገር እንዳይነጥርና እንዲታይ ነው። የሰዓቱ ቤት ዙሪያና መስተዋቱ በፕላስተር ይሸፈኑ።

መጀመሪያ ቀለበቱን ከሰዓቱ ማላቀቅ ይሻላል። ብዙ ሰው ይህን ሸሽቶ ሰዓቱን እንዳለ በፀጉር ማድረቂያ ያሞቀዋል፤ እኔ ግን አልደግፈውም፤ ሙቀቱ ለንጣፉ ብቻ ሳይሆን ለጎሚኒውና በውስጥ ላለው ዘይት ጭምር ይደርሳልና። በአንዳንድ ሰዓት ቀለበቱ በጎን በኩል በጥቃቅን ብሎኖች የታሰረ ስለ ሆነ አስቀድሞ ማየት ያስፈልጋል። የእኛ ምሳሌ ግን በመጥበቅ ብቻ የተያዘ ነው። ቢላዋውን በቀለበቱና በሰዓቱ ቤት መካከል ባለው ክፍተት አስገብቶ፣ ሳይፈነቅሉ በጥቂቱ ማጠማዘዝ፣ ከዚያ ቦታ ለውጦ መድገም ነው። ሲላቀቅ በድንገት ስለሚፈናጠር ሌላው እጅ ከላይ ይጫነው። በሥሩ የጎማ ቀለበትና ቀጭ የሚያሰኘው ትንሽ ክፍል ይገኛሉ። እነዚህን ሳይነኩ ፎቶግራፍ ማንሣት ነው፤ አቀማመጣቸውን ከሥራው በኋላ ማስታወስ እንደሚታሰበው ቀላል አይደለም። ይህ የጎማ ቀለበት ዞሪውን የሚያጠብቅ እንጂ ውሃ የሚከለክል አይደለም፤ ስለዚህ ቀለበቱን ማውጣት ብቻውን የሰዓቱን ውሃ የመከላከል ኀይል አይቀንስም።

ብቻውን የቀረው ቀለበት ከነንጣፉ በሙቅ ውሃ ይነከር። በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለ ሆነ ጥቂት በርዶ ሲወሰድ ማጣበቂያ ለማላላት የሚበቃ፣ ለአሉሚንየሙም ቀለም የማያሰጋ ነው። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ወጥቶ፣ የንጣፉ ጠርዝ ከኋላ በኩል የሚገኝ ከሆነ ከዚያ መግፋት፣ ካልሆነ ከውስጠኛው ጠርዝ በስቴኪኒ ጫፍ ማንሣት ነው። እዚህ ላይ ትዕግሥት ያስፈልጋል። አንዱን ቦታ እስከ መጨረሻ ማንሣት ሳይሆን፣ ዙሪያውን በጥቂት በጥቂቱ እየዞሩ ማላላት፤ ውሃው ሲበርድም መልሶ መንከር ነው። አሉሚንየም አንድ ጊዜ ከታጠፈ ቢቃናም የታጠፈበት መስመር አይጠፋም። አንዳንድ ጊዜ ማጣበቂያው በጣም ከመላላቱ የተነሣ ንጣፉን ሳያወጡ በእርሳስ ላጲስ ተጭኖ ማዞር ይቻላል፤ መገፋት የሌለበት፣ ጥቂት መዞር ብቻ ያለበት ንጣፍ ከሆነ ሥራው በዚሁ ያልቃል።

የወጣው ንጣፍና ቦዩ ከአሮጌ ማጣበቂያ መጽዳት አለባቸው። በእንጨት ይፋቅ፣ በአልኮል በራሰ ጥጥ ይጠረግ። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ግን ከሰዓቱ ይራቅ፤ የተጻፈውን ሊያጠፋ ይችላልና። በጥርሶቹ መካከል የተጠራቀመው የላብና የአቧራ ጭቃም በዚሁ ይውጣ። ንጣፉን ከመካከል ያስወጣው ብዙ ጊዜ በቦዩ ጠርዝ የደረቀ የማጣበቂያ ጉብታ ነው፤ እርሱ ሳይጠራ የሚደረግ ማቃናት አይጸናም።

ማጣበቂያን በሚመለከት ሱፐር ግሉ አይነካ። ወዲያው ስለሚደርቅ ለማስተካከል ጊዜ አይሰጥም፤ ትነቱም በጥቁሩ ላይ ነጭ ጉም ይተዋል። ባለሁለት ፊት ስስ ፕላስተር በንጣፉ ልክ ተቆርጦ ቢለጠፍ ንጹሕ ሥራ ነው፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ ከያዘ ማንቀሳቀስ ስለማይቻል ለጀማሪ ከባድ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሠራ ሰው ቀስ ብሎ የሚደርቅ፣ በኋላም በሙቀት የሚላላ ማጣበቂያ ይሻላል፤ ከስቴኪኒ ጫፍ በማይበልጥ ጠብታ፣ በአምስትና በስድስት ቦታ ብቻ።

ማጣበቂያው ከመነካቱ በፊት ግን የደረቀ ሙከራ ይደረግ። የጎማው ቀለበትና ቀጭ የሚያሰኘው ክፍል በቦታቸው ሆነው፣ ዞሪው ቀለበት ያለ ንጣፍ በሰዓቱ ላይ ተመልሶ፣ በተጣጠፈ ጨርቅ ላይ በሁለት አውራ ጣት ዙሪያውን እኩል ተጭኖ ይግባ። ሦስት ማዕዘኑ ሊሆንበት ከሚገባው ቦታ በሚቀርበው ቀጭታ ላይ ቆሞ ወደ ቀኝ ተገፍቶ ይረፍ። ከዚያ ንጣፉን ያለ ማጣበቂያ አስቀምጦ፣ ክር ወጥሮ ከሰዓቱ ፊት 12 ወደ 6 ማሳለፍ ነው። ሦስት ማዕዘኑና 30 ቁጥር በክሩ ሥር ለሁለት እኩል መከፈል አለባቸው። ክሩን 9 እና 3 ላይም መድገም ነው። በደቂቃው ቆጣሪ መመራት አይገባም፤ ያገለገለ ሰዓት ቆጣሪው ራሱ ተዛንፎ ሊሆን ይችላል። ልክ ሲሆን በ15 እና በ45 ትይዩ በዞሪው ቀለበት ላይ በእርሳስ ምልክት ይደረግ። ሙከራው ካለቀ በኋላ ንጣፉ ይነሣል፣ ማጣበቂያው ይነካል፣ ንጣፉ በእርሳሱ ምልክት ላይ ይመለሳል፤ ክሩም እንደገና ይወጠራል። ቀሪው ጥቂት መዛነፍ በእነዚያ የመጀመሪያ ደቂቃዎች በስቴኪኒ እየተገፋ ይስተካከላል። ሥራው ሲያልቅ ጨርቅ ጣል ተደርጎበት ሳይነካ ይደር።

በማግሥቱ ቀለበቱን አንድ ሙሉ ዙር፣ 120ውንም ቀጭታ እየሰሙ ማዞር ነው። በአንድ ቦታ ከከበደ ወይም ድምፁ ከታፈነ ማጣበቂያ ወደ ሥር ፈስሷል ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ቀለበቱ በኀይል መዞር የለበትም፤ ማጣበቂያው ጨርሶ ሳይጠነክር ቀለበቱን እንደ ፊቱ አውርዶ፣ የፈሰሰውን በስቴኪኒ ፍቆ መመለስ ነው፤ ንጣፉ ግን በቦታው እንደ ያዘ ይቆያል።